መስመሩ የት ላይ ይታነቃል? የጭሮና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ብሮድባንድ ሲዳሰስ

«ኔትወርክ የለም።» ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ መቻራ፣ ይህ አነጋገር የማይሸከመው ብልሽት የለም። ማማው መብራት ሲያጣ ኔትወርክ የለም ይባላል። ፓኬጅ ሲያልቅ፣ አመሻሽ ላይ ከተማው በሙሉ ስልኩን ሲከፍት፣ የራውተሩ ገመድ ሲላላ፣ ቀይ ባሕር ሥር ኬብል ሲበጠስም የሚባለው ያው ነው። ተጠቃሚው የሚያየው ሁልጊዜ ያንኑ የሚሽከረከር ክብ ስለሆነ ስሙም አንድ ቢሆን አይገርምም። መድኃኒቱ ግን ለየቅል ነው። ለአንዱ የራውተር ቦታ መቀየር ይበቃዋል፤ ለሌላው የዓመታት ግንባታና የአገሮች ውል ይጠይቃል።

ከአንድ የብሮድባንድ መስመር ሙሉ አቅሙን እንዴት ማግኘት ይቻላል በሚለው ጥያቄ ላይ በዓለም ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ምክር ግን የታሰበው መብራት ለማይጠፋበትና መስመሩ ከግድግዳ ሶኬት ለሚወጣበት ቤት ነው። ጭሮ ላይ «ብሮድባንድ» ማለት ብዙ ጊዜ ሲም የገባበት ራውተር ወይም የአንድ ስልክ ሆትስፖት ነው፤ ምክሩ እኩሌታው ይሠራል፣ እኩሌታው አይሠራም። የጸሐፊው ዝንባሌ ከወዲሁ ይታወቅ፦ ክርክሩ «ስንት ሜጋ?» ላይ ተቸክሎ ሲውል «የት ላይ ታነቀ?» የሚለው ሳይጠየቅ ያልፋል፤ የቤተሰብም ሆነ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።

ስሙና ልኩ

ብሮድባንድ የሚለው ስም ቋሚ ልክ የለውም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለቆጠራ ሥራው ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት መነሻ 256 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ግን መነሻውን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 25 ሜጋቢት ማውረጃና 3 ሜጋቢት መጫኛ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 100 እና 20 ከፍ አደረገው። በአንዱ ልክ ብሮድባንድ አለው የተባለ ቤት በሌላው ልክ የለውም። «ብሮድባንድ ገብቷል» የሚል ዜና ሲነበብ በየትኛው ልክ ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ አይደለም።

ሌላው የተለመደ ስህተት የመለኪያ ነው። ሻጩ በሜጋቢት ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ በሜጋባይት ያሳያል፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። 4 ሜጋ ገዝቶ ፋይል ሲያወርድ በሰከንድ 0.5 ሜጋባይት የሚያይ ሰው የከፈለበትን እያገኘ ነው። አንድ ጊጋባይት ለማውረድ 33 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ያ የመስመሩ ጥፋት ሳይሆን የሒሳቡ ውጤት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አቅምን፣ መዘግየትንና አስተማማኝነትን መለየቱ ነው። የሐረርጌ ጫት ነጋዴ ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። መኪናው ስንት ኩንታል ይጭናል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በስንት ሰዓት ገበያ ይደርሳል የሚለው ሌላ፤ በየቀኑ ሳያጓድል ይመጣል ወይ የሚለው ሦስተኛ። ብዙ ጭኖ አርፍዶ የደረሰ ጫት ዋጋ የለውም። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ፊልም ለማውረድ የሚያስፈልገው አቅም ነው። ለቪዲዮ ጥሪና ለኦንላይን ፈተና መዘግየቱ ይበልጥ ይወስናል። በቴሌብር ሒሳብ ለሚቀበል ሱቅ አቅሙ ጥቂት ኪሎቢት ቢሆን ግድ የለውም፤ ገዢው ቆሞ እየጠበቀ መስመሩ አለመጥፋቱ ይበቃዋል።

የአከፋፈሉም መንገድ ጥያቄውን ይለውጠዋል። መደበኛው የቤት መስመር በፍጥነት ይሸጣል፤ ወሩን ሙሉ ቢጠቀሙበትም ዋጋው ያው ነው። የሞባይል ዳታ በአብዛኛው በመጠን ይሸጣል። ስለዚህ ለአንዱ ቤት «ምርጥ አቅም» ማለት መስመሩን ማፍጠን ሲሆን፣ ለሌላው ራሱን የሚያጫውተውን ቪዲዮና ፎቶ ወደ ክላውድ የሚልከውን አፕሊኬሽን ዘግቶ ፓኬጁን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ማድረስ ነው። የውጭ ጽሑፎች ይህን ሁለተኛውን አያነሱትም ማለት ይቻላል።

ግንዱ ሲያልፍ፣ ጣቢያው ሲቀር

የምሥራቁ አቅጣጫ በኢትዮጵያ የመገናኛ ታሪክ ቀዳሚ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የስልክና የቴሌግራፍ ሥራ ሲታሰብ የመጀመሪያው ረጅም መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነበር። የጨርጨር ደጋ በሁለቱ መካከል ያለ አገር ነው። ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በቆላው፣ በሚኤሶ በኩል አለፈ እንጂ ደጋውን አልወጣም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ እንደ አርአያ ከተማ ያደራጇት አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ሐዲዱን የምታገኘው ወርዳ ነበር። አዲሱም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ያንኑ ቆላ ይዞ በሚኤሶ ያልፋል። ግንዱ በአጠገብ ማለፉና ጣቢያ መክፈቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለፋይበርም ይህ ልዩነት አልቀረም።

ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን በኩል፣ ተጠራቅሞ በየተወሰነ ሰዓት የሚላክ ኢሜይል ብቻ ነበር። መላ አገሪቱ ስትጀምር ወደ ውጭ የነበራት መስመር እጅግ ጠባብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ስልክ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ለማጫወት ከሚፈልገው ያንሳል። በ1997 ዓ.ም. 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የፋይበር ግንድ ከአዲስ አበባ በየአቅጣጫው መዘርጋቱ ሲበሰር የድሬዳዋው መስመር አንዱ ነበር። በዚያው ዘመን ወረዳኔት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት አገናኘ፤ ሳተላይቱ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። ይህን መዘግየት የትኛውም የራውተር ማስተካከያ አያሳጥረውም።

ቀጥሎ የመጣው ፈጣን ለውጥ ነበር። በሚሌኒየሙ ዋዜማ ሲዲኤምኤና ኢቪዲኦ የተባሉ ገመድ አልባ አገልግሎቶች ገቡ፤ የቻይናው ዜድቲኢ የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ሥራ ያዘ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዜድቲኢና ሁዋዌ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሥራ ተካፈሉ፤ በ2007 ዓ.ም. 4ጂ በአዲስ አበባ ጀመረ። ለተራው ተጠቃሚ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የተሰማው የነሐሴ 2010 ዓ.ም. የዋጋ ቅናሽ ሳይሆን አይቀርም፦ የሞባይል ዳታ በ43 በመቶ፣ መደበኛው ብሮድባንድ በ54 በመቶ ወረደ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ የብሮድባንድ ዋጋ እንደገና በከፍተኛ መጠን ተቀነሰ። እስከዚያ ድረስ ማነቆው ዋጋው ነበር፤ ሰው በውድነቱ ስለማይጠቀም ማማው አይጨናነቅም ነበር። ዋጋው ሲለቅ ማነቆው ቦታ ቀየረ። ያሁኑ ክርክር የት እንደሄደ የመፈለግ ክርክር ነው።

«ጥፋቱ ከቤት ነው»

የመጀመሪያው ወገን በቤት ውስጥ ይጀምራል። ዋይፋይ ሁለት ዋና ሞገድ አለው። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ቀርፋፋና የተጨናነቀ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግን ሁለተኛውን ግድግዳ አይሻገርም። በ2.4 ላይ ሳይደራረቡ አብረው መሥራት የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው። አሥር ራውተር በተደረደረበት የገበያ ሕንፃ ሁሉም በአንድ ቻናል ከተናገረ ማንም አይሰማም። ራውተሩን ከወለል ከፍ ማድረግ፣ ከብረት መደርደሪያና ከፍሪጅ ጀርባ ማውጣት፣ የይለፍ ቃሉን ከጎረቤት መጠበቅ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ማስረጃቸው ቀላል ፈተና ነው፦ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ መለካት፣ ከዚያ በዋይፋይ መለካት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማነቆው ቤት ውስጥ ነው፤ ከሌለ ዋይፋዩን መውቀስ ይብቃ።

ለእኛ ከተሞች ግን አንድ የሚጎድል ነገር አለ። ሲም የሚበላው ራውተር ሁለት ጆሮ አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ወደ ማማው፣ ሌላው ወደ ቤቱ። ለማማው የሚመቸው ማማውን የሚያይ መስኮት ነው፤ ለዋይፋዩ የሚመቸው የቤቱ መካከል። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገድ ይመልሳል። በቆርቆሮ በተከበበ ክፍል መካከል የተቀመጠ ራውተር ለቤተሰቡ ቀርቦ ከማማው ይርቃል። ሁለቱ ሲጋጩ ለማማው ማድላት ይሻላል። የቤቱን ዋይፋይ በርካሽ ተጨማሪ ራውተርና በጥቂት ሜትር ገመድ ማራዘም ይቻላል፤ ከማማው ያልመጣን ሲግናል ግን ከየትም አያመጡትም።

የመጨረሻው ኪሎ ሜትር

ሁለተኛው ወገን ማነቆው በቤቱና በኦፕሬተሩ መካከል ነው ይላል። በምዕራብ ሐረርጌ ሁኔታ ይህ ወገን የበለጠ ማስረጃ አለው ባይ ነኝ፤ ነገር ግን «መስመር» የሚለው አንድ ስም ሦስት የተለያየ ባሕርይ ያላቸውን ነገሮች ይሸፍናል።

መዳቡ አንደኛው ነው። በስልክ ሽቦ የሚሄደው ኤዲኤስኤል ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። የተሻሻለው ዝርያ ጣቢያው ደጃፍ ላይ እስከ 24 ሜጋቢት ይደርሳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ግን አንድ ሁለት ሜጋ ከቀረው ዕድለኛ ነው። እዚያ ርቀት ላይ ላለ ቤት ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ሽቦው የማይሸከመውን መግዛት ነው። ሞደሙ በራሱ ገጽ ላይ ከጣቢያው ጋር የተስማማበትን ፍጥነት ያሳያል፤ ከመግዛት በፊት የሚታየው ያ ቁጥር ነው። ሌላው መፈተኛ ጆሮ ነው። ስልኩን አንሥቶ ዝምታውን ማዳመጥ፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ፣ ይልቁንም ከዝናብ በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ውኃ ገብቶታል ወይም ዝጓል። ስልኩ ያለ ፊልተር ከተሰካም ያው ነው።

ሁለተኛው እስከ ቤት የሚገባው ፋይበር ነው። በስፋት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው ሥርዓት ከአንድ ወደብ 2,488 ሜጋቢት ያወርዳል፤ ያንን በመስታወት መክፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍለዋል፣ እስከ 20 ኪሎ ሜትርም ይዘልቃል። ሁሉም ባንዴ ቢጠቀሙ እንኳ ለ32 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 77 ሜጋ ያህል ይደርሰዋል። ርቀት አያደክመውም፣ ዝናብ አያስለውም። የሚያስቸግረው መበጠስና መታጠፍ ነው። ገመዱ በበር ማጠፊያ ከተጣመመ ብርሃኑ ይፈስሳል፤ በሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው፣ ብርሃኑ ጭራሹን አልደረሰም።

ሦስተኛውና ሰፊው ማማው ነው። እዚህ ላይ «ሲግናል» እና «ፍጥነት» ይምታታሉ። ራውተሩ የሲግናሉን ብርታት በዲቢኤም ያሳያል፦ ቁጥሩ አሉታዊ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱን ትተን ከ80 በታች ከሆነ ጠንካራ ነው፣ 100 ላይ መካከለኛ፣ ከ110 ካለፈ ደካማ። ደካማ ከሆነ ቦታ መቀየር፣ ከፍ ማድረግ ወይም አቅጣጫ ያለው የውጭ አንቴና መግጠም ይረዳል። ጠንካራ ሆኖ ቀርፋፋ ከሆነ ግን አንቴና ምንም አይፈይድም፤ ማማው ተጨናንቋል። ለመለየት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት። ሌሊት ፈጥኖ ማታ የሚሞት መስመር የሕዝብ ብዛት ነው ያነቀው። ሁለቱም ጊዜ ቀርፋፋ ከሆነ ሲግናሉን ወይም ፓኬጁን መርምር። ብዙዎች ሳይለኩ አንቴና ይገዛሉ፤ ነጋዴው አይጠላውም።

መልክዓ ምድሩ ነገሩን ያወሳስበዋል። ጭሮ በጨርጨር ተራሮች መካከል ናት። የ4ጂ ሞገድ ጋራ አይዞርም፤ ሁለት መቶ ሜትር የማይራራቁ ሁለት ቤቶች አንዱ ማማውን እያየ ሌላው በጋራው ጥላ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የኦፕሬተር ካርታ አንድን ከተማ በአንድ ቀለም ሲቀባ መረጃው ሐሰት ባይሆንም ለአንድ ሰፈር መልስ አይሆንም። ከሁለቱ ኦፕሬተሮች፣ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም፣ የትኛው ይሻላል የሚለውም በከተማ ደረጃ መልስ የለውም፤ በቤት ደረጃ ግን አለው፣ የሁለቱን ሲም በአንድ ስልክ፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ሰዓት መሞከር ነው።

ወረፋው

የሦስተኛው ወገን ክርክር ከሁሉም ያነሰ የታወቀ፣ ምናልባትም ከሁሉም የሚጠቅም ነው። መነሻው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው፣ ርቀቱ 400 ያርድ ገደማ የሆነ መስመር ፍጥነቱ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው ያንኑ እየደጋገሙ በመላክ እርስ በርስ ተጨናነቁ። ቫን ጃኮብሰን ላኪው መንገዱ መጨናነቁን ሲያይ እንዲታገሥ የሚያደርግ ዘዴ በ1988 አቀረበ፤ ዛሬም ኢንተርኔት የቆመው በዚያ ነው።

ችግሩ በሌላ በር ተመለሰ። ማስታወሻ ቋት ሲረክስ አምራቾች በራውተሩ ውስጥ ትልልቅ መጠባበቂያ አስቀመጡ፤ መረጃ ከሚጣል ይጠብቅ ብለው። ላኪው ግን የሚታገሠው መረጃ ሲጣል ነው፤ ካልተጣለ ወረፋው ይረዝማል። ጂም ጌቲስ እ.ኤ.አ. በ2010 በገዛ ቤቱ ይህን አይቶ ስም አወጣለት፤ በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ወረፋውን በርዝመት ሳይሆን በቆይታ የሚቆጣጠር ኮዴል የተባለ ዘዴ አወጡ።

ይህ ለጭሮ ምን አገባው? ሒሳቡን እንሥራ። 256 ኪሎባይት የሚይዝ መጠባበቂያ 100 ሜጋ መስመር ላይ ሲሞላ የሚያስከትለው መዘግየት የሰከንድ ሃምሳኛ ነው፤ ማንም አይሰማውም። ያው መጠባበቂያ 1 ሜጋ የመጫኛ መስመር ላይ ሁለት ሰከንድ ያቆማል። የወረፋው በሽታ ቀርፋፋውን መስመር ነው የሚገድለው። አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ክላውድ ሲልክ የሌላው ጥሪ የሚቆራረጠው በዚህ ነው፤ ለማውረድ አቅም ተርፎ እንኳ። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ መስመሩ ሥራ ፈትቶ እያለ ፒንግ (መልሱ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ትንሽ መልእክት) መላክ፣ ከዚያ ትልቅ ፋይል እየጫኑ እንደገና መላክ። ቁጥሩ ከ60 ሚሊሰከንድ ወደ 1,500 ከዘለለ ተጨማሪ ሜጋ ከመግዛት በፊት የሚታከም ነገር አለ።

ሕክምናው ላይ ግን ስምምነት የለም። አንደኛው ወገን ራውተሩ ከመስመሩ አቅም ከ85 እስከ 90 በመቶ ብቻ እንዲልክ ይገደብና ወረፋው በኮዴል ይመራ ይላል። በመደበኛ መስመር በደንብ ይሠራል፤ ከኦፕሬተር የሚሰጡ ራውተሮች ግን ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። በ4ጂ ላይ ደግሞ የመስመሩ አቅም በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ 85 በመቶው የምን 85 በመቶ እንደሆነ አይታወቅም። ሌላው ወገን አቅም ጨምሩ፣ ወረፋው ራሱ ይጠፋል ይላል፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ያግዘዋል፣ አቅም ለሚያገኝ ሰው። ሦስተኛው፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ቢቢአር እንደሚያደርገው፣ ላኪው ራሱ ወረፋ ሳይጠብቅ ፍጥነቱን እንዲገምት ይፈልጋል፤ ይህ ለተጠቃሚው ምንም ሥራ አይተውለትም። እስከዚያው ለአንድ ተራ ቤት የሚቀረው ዘዴ በጥሪ ወይም በፈተና ሰዓት የሌሎቹን ስልኮች መጫን ማስቆም ነው። ያረጀ ብልሃት ነው፣ ግን ይሠራል።

ረጅሙ መንገድ

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ዓለም የምትወጣው በጎረቤቶቿ፣ በዋናነት በጅቡቲ፣ እንዲሁም በኬንያና በሱዳን በኩል ነው። ጅቡቲ ላይ በርካታ የባሕር ኬብሎች ያርፋሉ። «የእኛ ኢንተርኔት አዲስ አበባ ሄዶ ስለሚመለስ ነው የሚዘገየው» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ሒሳቡ አይደግፈውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ የሚጨምረው 10 ሚሊሰከንድ ነው። የተጨናነቀ ማማ ይህን መቶ ጊዜ እጥፍ ሊያዘገይ ይችላል።

የመንገዱ ርዝመት የሚያስፈራው በመዘግየቱ ሳይሆን በመበጠሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ኬብሎች ተቆርጠው ነበር፤ ከተጎዱት አንዱ ኤኤኢ-1 ጅቡቲ ላይ የሚያርፍ ነው። በየብስም መንገድ ሲሠራ ፋይበር ይቆረጣል። አማራጭ መንገድ ያለው ከተማ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መስመሩ አይጠፋበትም፤ በአንድ ክር የተንጠለጠለ ከተማ ግን ይጨልማል።

ዩቲዩብ እየሠራ ሌላው ድረ ገጽ የማይከፈትበት ምክንያትም እዚሁ ነው። ጉግልና ሜታን የመሳሰሉ ኩባንያዎች የሚፈለገውን ቅጂ በኦፕሬተሮች ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ቅጂው ቅርብ ነው፣ ትንሹ ድረ ገጽ ባሕር ማዶ ነው። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) መቀየር የሚባለው ምክር የገጹን አከፋፈት ጥቂት ያፋጥን ይሆናል እንጂ ማውረዱን አይነካም። ቪፒኤን ግን በተቃራኒው ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ ሳለ ብዙ ሰው ነፃ ቪፒኤን ጫነ። እገዳው ተነሥቶም በስልኩ ላይ የቀረበት ሰው ቅርቡን ቅጂ ትቶ በአውሮፓ ዞሮ እየመጣ ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ቪፒኤኑን ነው።

መብራት

ስለ መብራት አጭር ይበቃል። ራውተር 12 ቮልት የሚሠራ፣ ጥቂት ዋት የሚበላ ዕቃ ነው፤ በትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ማማው ግን ባትሪውና ጀነሬተሩ ሲደክም ያልቃል፤ የከተማው መብራት በጠፋ በስንተኛው ሰዓት ኔትወርክ እንደሚጠፋ የሚያስተውል ቤት ማነቆውን በነፃ አገኘው። የቮልቴጅ መዋዠቅ ራውተርን ቀስ ብሎ ይገድላል፤ የኃይል መስጫው ሲደክም ራውተሩ ሳይጠፋ ፍጥነቱ ብቻ ይዋዥቃል፣ ጥፋቱም በኦፕሬተሩ ይላከካል።

ማን ይለካል?

ለክርክሩ ሁሉ ማስረጃ የሚሆነው የፍጥነት መለኪያ ራሱ አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለው ኡክላ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ከፍቶ ቅርብ ወዳለ ሰርቨር ይለካል፤ ሰርቨሩ በራሱ በኦፕሬተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከ2009 ጀምሮ ያለው ኤምላብ አንድ ግንኙነት ብቻ ከፍቶ ከኦፕሬተሩ ውጭ ወዳለ ሰርቨር ይለካል። አንደኛው «መስመሩ ስንት ይችላል?» ይላል፤ ሁለተኛው «ወደ ውጭ ሲወጣ ስንት ይቀረዋል?» ይላል። ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ ራሱ የማነቆውን ቦታ ይጠቁማል።

ሁለቱም የሚጋሩት ጉድለት አለ። ሰው የሚለካው ኔትወርክ ሲኖር ነው። መስመሩ በጠፋባቸው ሰዓታት ማንም አይለካም፣ ስለዚህ አማካዩ ላይ የሉም። ትልልቅ ከተሞች ብዙ ይለካሉ፣ ትንንሾቹ ጥቂት። በዴሳና ዶባ በአገር አቀፍ አማካይ ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። ኦፕሬተርን ለመክሰስም ሆነ ለማመስገን የሚቀርብ አንድ የስክሪን ፎቶ ምንም አያረጋግጥም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀን ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ደብተር፣ መጥፋቱም ጭምር የተጻፈበት፣ ያረጋግጣል።

ያልተፈቱት

ውድድር መፍትሔ ነው የሚሉ የምሥራቁን ልምድ ይጠቅሳሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን የጀመረው አዲስ አበባ ሳይሆን ድሬዳዋ ነው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፤ ሐረርና ሐሮማያ ተከተሉ። ተቃራኒው ወገን ውድድር የሚደርሰው ሕዝብና ገንዘብ በተሰበሰበበት ነው፣ ሁለት ኦፕሬተር በአንድ ግንድ ፋይበር ከተከራየ ግንዱ ሲቆረጥ ሁለቱም ይጠፋሉ ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የመጀመሪያው ስለ ዋጋና ስለ ማማ መጨናነቅ፣ የኋለኛው ስለ አስተማማኝነት ነው የሚናገሩት፤ የሚከራከሩበት ነገር አንድ አይደለም።

የትኛውም ቴክኒክ የማይደርስበት መቋረጥም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቷል። የአገልግሎት ጥራት ሲለካ ይህ በኦፕሬተሩ ጉድለት ይመዝገብ ወይስ ተነጥሎ ይታይ የሚለው የደንብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በኢንተርኔት የሚሠራ ነጋዴ፣ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኦንላይን መሰጠት የጀመረውን የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ ልጅ የሚያየው የጠፋውን ሰዓት ነው፤ ማን እንዳጠፋው ሰዓቱን አያሳጥርለትም።

የመጨረሻው ጥያቄ የገለምሶንና የመቻራን ዓይነት ከተሞች የሚመለከት ነው፦ ፋይበር እስከ ቤት ወይስ ተጨማሪ ማማ? 20 ሜጋኸርዝ ሞገድ ያለው አንድ የ4ጂ አቅጣጫ በተለመደው ባለሁለት አንቴና አሠራር ከፍተኛው 150 ሜጋቢት ነው፤ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲካፈለው 1.5 ሜጋ ይደርሰዋል፣ ያውም ሁሉም ከማማው ሥር ከሆኑ። አንድ የጂፖን ወደብ ከዚያ ከ16 ጊዜ በላይ ይይዛል። ነገር ግን ማማው ያለ ቁፋሮ ጋራውን ሁሉ ይደርሳል፣ ፋይበሩ ቤት ለቤት መሄድ አለበት፤ 32 ቤት የሚካፈለው ወደብ አራት ቤት ብቻ ከከፈለበት ወጪውን አይመልስም። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ሰፈር ስንት ቤት ለመደበኛ መስመር በየወሩ ለመክፈል ፈቃደኛ ነው ወደሚል ቁጥር ይወርዳል። ያ ቁጥር ለጭሮ መሀል ከተማ አንድ ነው፣ ለጋራው ሥር ሰፈር ሌላ ነው፣ ለመቻራ ደግሞ ሌላ።